ጎማዋ ያው ጎማ ነው

መስከረም ሲጠባ የኛ መንደር ሰው ከዘመድ ጥየቃ በፊት የሚሄደው ጎሚስታ ዘንድ ነው። እኔም ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ተራዬን ይዤ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ውኃ ያቆረው፣ ጥልቀቱን ማንም የማያውቀው የመንደራችን ጉድጓድ የፊት ጎማዬን ጎኑን ቀዶ ቸርኬውን አጣሞብኛል። ወጣቱ ጎሚስታ ጎማውን ፈትቶ ገለባበጠና ሳቀ።

«ጋሼ፣ የናንተ መንገድ ባይኖር እኔ ምን እበላ ነበር?»

«ኤሌክትሪክ ስገዛ ወጪ ይቀንሳል ብለውኝ ነበር» አልኩት።

«ኤሌክትሪክ ብትሆንም ጎማዋ ያው ጎማ ነው።»

እሱ ወደ ሥራው ተመለሰ። ነገሩ ግን እኔን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። መኪናዋን ከገዛን ወዲህ የነዳጅ ሰልፍ ቀርቶልኛል፣ ማታ ግቢ ውስጥ ሰክቻት እተኛለሁ፣ ለወዳጅ ዘመድም «ግዙ እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» ስል ከርሜአለሁ። በዚህ ሁሉ መሀል ግን አንድ ነገር መክፈል ማቆሜን ልብ አላልኩም ነበር። ዛሬ የማወጋችሁ ስለዚያ ነው።

በየመንደሩ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆመን የምንለው አንድ ነው፦ «መንግሥት ለምን አይጠግነውም?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው፣ ማለትም የጥገናው ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚለው ግን እምብዛም አይነሳም። መልሱ የሚገኘው እኛው ተሰልፈን ስንቆምበት በነበረው ነዳጅ ማደያ ነው። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 66 የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም የታሰበው ቀላል ነገር ነበር። መንገድ መሥራት አንድ ነገር፣ የተሠራውን ማቆየት ሌላ ነገር ነው። ለአዲስ መንገድ ሪባን ስለሚቆረጥ ገንዘብ አይጠፋም፤ ስንጥቅ ሲደፈን ግን ካሜራ የሚጠራ የለም። ስለዚህ ጥገና በየዓመቱ የበጀት ሽሚያ ውስጥ ገብቶ እንዳይሸነፍ ለብቻው ቋት ተበጀለት። ቋቱን የሚሞሉት ከእያንዳንዱ ሊትር ነዳጅ ላይ የምትነሳ ትንሽ ክፍያ (ሲጀመር በሳንቲም የምትቆጠር ነበረች)፣ ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ ፈቃዳቸውን ሲያድሱ የሚከፍሉት፣ ከልክ በላይ ጭነው የተገኙ መኪኖች ቅጣት እና የመንግሥት በጀት እንዲሆኑ ተደነገገ። ከዚያ ወዲህ አደረጃጀቱ ተለዋውጧል፣ መሠረቱ ግን ያው ነው፦ ነዳጅ የቀዳ የመንገድ ጥገና ይከፍላል።

ለረጅም ጊዜ በተሠራበት አከፋፈል የአንበሳው ድርሻ ከከተማ ከተማ ለሚያገናኙት የፌዴራል መንገዶች ይሄዳል፣ ቀጥሎ የክልሎች ገጠር መንገዶች አሉ፣ ለከተሞች የሚደርሰው ከአሥር አንድ እጅ ነው። ያ አንድ እጅ ደግሞ በአገሪቱ ካሉ ከተሞች መካከል ይከፋፈላል። እንደ አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ከተማ ከራሱ በጀት ይጨምርበታል። ያም ሆኖ ገንዘቡ ከዋናው ጎዳና ወደ መለስተኛው፣ ከመለስተኛው ወደ ውስጥ ለውስጥ መንገድ እየቀጠነ ሲወርድ ከናንተ በር ፊት ለፊት ያለው ጉድጓድ ጋ ሳይደርስ ቢያልቅ አይገርምም። በዚህ ማንንም አልወቅስም። አውቶቡስና አምቡላንስ የሚሄድበት ዋና መንገድ ይቅደም ቢባል እኔም እስማማለሁ።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። የከተማው ባለመኪና ቤተሰብ ፊቱን ወደ ባትሪ አዙሯል፣ ጥሩም አድርጓል፤ ጭሱ ይቀንሳል፣ ለነዳጅ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪም ይተርፋል። ነገር ግን እኔ ማታ መኪናዬን ስሰካ ከመብራት ቆጣሪዬ ላይ ለመንገድ የምትነሳ ሳንቲም የለችም። ታዲያ ጠዋት በሚኒባስ የሚሄደው ሰው ይከፍላል፤ ባለ ታክሲው የቀዳው ነዳጅ ታሪፉ ውስጥ አለ። ቲማቲም የምትገዛውም ትከፍላለች፤ ከመቂ ቲማቲሙን ያመጣው አይሱዙ ናፍጣ ይጠጣል። መኪና የሌለው ለመንገዱ እየከፈለ፣ አዲስ መኪና የገዛሁት እኔ በነፃ እሄድበታለሁ። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት «ታዲያ ለጎሚስታው ከፍለሃል አይደል?» አለችኝ። ሳቅን፤ ግን እውነትም ለቋቱ ያልከፈልኩትን ለጎሚስታው ከፍያለሁ።

«መኪናዋ ጭስ ስለሌላት መንገዱንም አትጎዳም» የሚል ሰው ገጥሞኛል። ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት መሐንዲሶች ለሙከራ በተሠራ መንገድ ላይ መኪኖችን እያመላለሱ ያገኙት ነገር እስከ ዛሬ የመንገድ ሥራ መነሻ ነው፦ በአንድ አክስል ላይ የሚያርፈው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ 16 እጥፍ ገደማ ይሆናል። ቪትዝ 1 ቶን አካባቢ ትመዝናለች፤ በየመንደራችን የምናያት አይዲ ፎር በባትሪዋ ምክንያት 2 ቶን ታልፋለች። ልዩነቱን አስሉት። ግን ባለ ኤሌክትሪኮች ቶሎ አትደንግጡ፤ በዚያው ስሌት አክስሉ ላይ 10 ቶን ያረፈበት ባለ አሸዋ ገልባጭ አንዴ ሲያልፍ የሚያደርሰው ጉዳት ከኔ መኪና አንድ አክስል 10,000 ጊዜ ቢመላለስ ከሚያደርሰው ጋር ይስተካከላል። በመንደራችሁ አንድ ሰው ፎቅ መሥራት ሲጀምር ኮብልስቶኑ ለምን እንደ ትራስ እንደሚሰረጉድ አሁን ገባችሁ።

ከክብደት የባሰ ጠላት ደግሞ አለ፤ ውኃ። አስፋልት ደርቆ ሳለ ብዙ ይችላል። መጀመሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ትታያለች። ክረምት ሲገባ በእሷ ሰርጎ የገባው ውኃ ከሥር ያለውን አፈር ያላላዋል፤ አፈሩ ዋልካ ከሆነ ያብጣል፣ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ ይወርዳል። ጎማ ሲያርፍበት ከላይ ያለው ንጣፍ ደጋፊ ያጣና ይሰበራል፣ ቁርጥራጩ በጎርፍ ይወሰዳል፣ ጉድጓድ ይወለዳል። ለዚህ የማንጠረጥረው ግብረ አበር የተደፈነው ቦይ ነው። ቦይ ውስጥ የተጣለች አንዲት ሃይላንድ ብቻዋን ምንም አታመጣም፤ ሃምሳ ሆነው ከቆሻሻ ጋር ሲጠላለፉ ግን ጎርፉ መሄጃ አጥቶ መንገዱ ላይ ይወጣል። የኛን ጉድጓድ የወለደውም ይኸው ነው። በዚያ ላይ አንድ ጎረቤት የውኃ መስመር ሊያስገባ መንገዱን አቋርጦ ቆፈረ፣ ቱቦውን ቀበረ፣ አፈሩን ሳይጠቀጥቅ መልሶ ሄደ። በሁለተኛው ክረምት እዚያው መስመር ላይ ሰመጠ። (ጎረቤቴ ይህን ዓምድ እንደሚያነብ አውቃለሁ፤ ቡና ስንጠጣም ነግሬዋለሁ።)

የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ መንገዶች ኤጀንሲ ያወጣው አንድ የታወቀ ስሌት አለ፦ በጊዜው ሊጠገን የሚገባው መንገድ 3 ዓመት ቢተው ማስተካከያው 6 እጥፍ፣ 5 ዓመት ቢተው 18 እጥፍ ያስወጣል። የቤታችን ጣሪያ ማለት ነው። አንዲት ቆርቆሮ ስታፈስ በጊዜው ከተመታች በምስማር ዋጋ ያልቃል፤ ከተተወች ኮርኒሱን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ ቀጥሎ ቁም ሳጥኑን ይዛ ትሄዳለች። ስለዚህ ቋቱ ሲጎድል መንገዱ ባለበት ቆሞ ገንዘብ አይጠብቀንም። ዛሬ ያልከፈልነው ከአምስት ዓመት በኋላ ከነወለዱ ይመጣል፤ የሚከፍሉትም ዛሬ በሰርቪስ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆቻችን ናቸው።

ጣጣው የኛ ብቻ አይደለም። ከነዳጅ ላይ ለመንገድ መቁረጥን በአሜሪካ የጀመረችው የኦሪገን ግዛት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1919 በጋሎን 1 ሳንቲም አለች። ያችው ኦሪገን በ2015 የነዳጁ ገቢ እንደሚደርቅ አይታ ፈቃደኛ ባለመኪኖች በሄዱት ማይል ልክ የሚከፍሉበትን ዘዴ ጀመረች። ኒውዚላንድ ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ ባለ ኤሌክትሪኮችን በየ1,000 ኪሎ ሜትሩ 76 የኒውዚላንድ ዶላር ታስከፍላለች። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2017 ባወጣችው ሕግ በጋሎን 12 ሳንቲም ጨመረች፤ የ2020 እና ከዚያ በኋላ ምርት የሆኑ የኤሌክትሪክ መኪኖችም በየዓመቱ 100 ዶላር እንዲከፍሉ ወሰነች፤ ክፍያው በየጊዜው ከዋጋ ንረት ጋር ይስተካከላል። በማግሥቱ ዓመት ሕጉ ይሻር ተብሎ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ፤ ሕዝቡ አይሻርም አለ።

ከዚያ ሕግ እኔን የማረከኝ ግን ክፍያው አይደለም። ግዛቱ ለከተሞች የውስጥ መንገድ የሚያካፍለውን ገንዘብ አንድ ከተማ ለመውሰድ ሲፈልግ፣ በዚያ ዓመት የሚጠግናቸውን መንገዶች ዝርዝር በሕዝብ ፊት ለምክር ቤቱ አቅርቦ ያጸድቃል። የትኛው መንገድ፣ ምን ዓይነት ሥራ፣ መቼ ያልቃል የሚለው ይጻፋል። ሎስ አንጀለስ ወይም ኦክላንድ ያለች እህታችሁ ሰፈሯ ዘንድሮ ተራ ደርሶት እንደሆነ ዝርዝሩን አይታ ታውቃለች ማለት ነው። ተራው ካልደረሰ ትናደዳለች፤ ግን በምን እንደተናደደች ታውቃለች።

በኛም አገር በተሽከርካሪ ላይ በየዓመቱ የሚከፈል ግብር ሐሳብ በመንግሥት የመካከለኛ ዘመን የገቢ ስትራቴጂ ውስጥ ሰፍሯል። እንደ ባለ መኪና መክፈል አልወድም፤ ማን ይወዳል? ግን ልክፈል። የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ክፍያው በክብደት ይሁን፤ ቪትዝ የያዘች አስተማሪና ገልባጭ የሚያሰማራ ነጋዴ እኩል አይባሉ። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ ከጠቅላላው ካዝና ገብቶ እንዳይጠፋ ለመንገዱ ጥገና ይታሰር፣ የወረዳችን የጥገና ዝርዝርም የመንገዱ ስም ተጽፎበት በር ላይ ይለጠፍ። ጉድጓዱ በሦስተኛው ዓመት ይደፈናል ተብሎ ከተጻፈ ሦስት ዓመት እጠብቃለሁ። የሚያናድደኝ ሳያውቁ መጠበቅ ነው።

እስከዚያው ግን የመንደራችን ኮሚቴ ሰብሳቢ ባለፈው እሑድ ደብተራቸውን ይዘው በር በር መቱ። ኮብልስቶኑን ተነሥቶ አሸዋ ሊጨመርበት፣ ቦዩም ሊጠረግ ነው። የኮብልስቶን ደጉ ነገሩ ይህ ነው፤ ያው ድንጋይ ተነቅሎ፣ ሥሩ ተስተካክሎ፣ በእጅ ይመለሳል። ስብሰባው ላይ ክርክሩ «በቤት ይሁን ወይስ በመኪና?» የሚል ነበር። ሁለት መኪና ያላቸው በቤት ይሁን አሉ። መኪና የሌላቸው በመኪና ይሁን አሉ። እኔ የኢሊኖዩን ሙከራ አንስቼ በክብደት ይሁን ብል ተሳቀብኝ፣ «ባስኩል ከየት እናምጣ?» ተባልኩ።

ክርክሩን የቆረጡት ጥግ ላይ የተቀመጡት፣ የቤተ ክርስቲያን መንገዳቸውን በዱላ የሚሄዱት እማማ ናቸው። «እናንተ ጎማችሁ ይቀደዳል፤ እኔ ብወድቅ ዳሌዬ ነው። ጎሚስታ የለኝም» አሉና ከመቀነታቸው ገንዘብ ፈትተው ለሰብሳቢው ዘረጉ። ከዚያ በኋላ በመኪና ይሁን የሚለው ያለ ድምፅ አለፈ፤ የእማማም ገንዘብ ተመለሰላቸው፣ እምቢ ብለው እንደገና ሰጡ።

እኔ ድርሻዬን ከፈልኩ፣ ደረሰኝም ጠየቅኩ። ሰብሳቢው በደብተራቸው ላይ የመንደራችንን ስም፣ የጉድጓዱን ስፋትና የተደፈነውን ቦይ ርዝመት ጽፈው ሰኞ ለወረዳው የሚያስገቡትን ማመልከቻ አሳዩኝ። «ዝርዝር ካላቸው የኛ መንገድ ስንተኛ እንደሆነ ጠይቁልኝ» አልኳቸው። «ዝርዝር ከሌላቸውስ?» አሉ። «እንግዲያው ከኛ ይጀምሩ።»