የአባቶቻችን ዝምታ



ደብረ ታቦር በምሠራበት ፋርማሲ ብዙ አባቶች ሽንት ሲያስቸግራቸው ልጅ ልከው መድኃኒት ያስገዛሉ። ሽንቱ እየተንጠባጠበ ዉዱእ ቢያስቸግራቸውም ለሐኪም መናገር ያፍራሉ። ከጋይንት ድረስ መጥተው «አልትራሳውንድ ብቻ አንሱኝ» የሚሉም አሉ።

በእኔ አስተያየት ከማሽኑ በፊት ታሪኩ መነገር አለበት። ከፊኛ በታች ያለው የፕሮስቴት እጢ ካንሰር ሳይዘውም ሊያብጥ ይችላል። አልትራሳውንድ መጠኑን ቢለካም ካንሰርነቱን የሚያረጋግጠው ከእጢው የሚወሰድ ናሙና ነው። ፒ ኤስ ኤ የተባለው የደም ምርመራም በኢንፌክሽን ከፍ ይላል፤ ፊናስተራይድን ለወራት በወሰደ ሰው ላይ ደግሞ በግማሽ ያህል ዝቅ ብሎ ሊያሳስት ይችላል። አባት ወይም ወንድም በዚህ ካንሰር ታሞ እንደሆነ፣ የወገብ አጥንት ሕመም ካለም ሐኪሙ ይወቅ።

እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ፣ 500 ወንዶች በተሳተፉበት ጥናት ኤም አር አይ አስቀድሞ ሲነሣ አደገኛው ካንሰር በ38 ከመቶው፣ በተለመደው የናሙና አወሳሰድ ግን በ26 ከመቶው ተገኝቷል። ይሁንና ይህ ውድ ምርመራ ለማን እንደሚያስፈልግ ሐኪሙን የሚመራው የታማሚው ታሪክ ነው።

ልጆች ሆይ! አባታችሁን የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ አስይዛችሁ ወደ ሐኪም አድርሱ። ሐያእ መልካም ነው፤ ሕክምናን ሲከለክል ግን ጉዳት ነው። አላህ ሽፋውን ይስጣቸው።