«ተገርፈን አይደል የደረስነው» ስለሚሉት

በመኝታ ቤታችን ማታ ማታ ጨዋታ ሲደራ ወሬው ወደ ልጅነት ትምህርት ቤት መዞሩ አይቀርም። አንዱ በአለንጋ፣ ሌላው በጎማ፣ ሦስተኛው ጠጠር ላይ ተንበርክኮ የተቀጣውን እያነሣ እንስቃለን። በመጨረሻም አንዱ ጓደኛችን «ምን አለበት፤ ተገርፈን አይደል እዚህ የደረስነው!» ይላል፤ ሁላችንም እንስማማለን። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ስስማማ ኖሬአለሁ።

ያደግሁት በአጋሮ አካባቢ ነው። በእኛ አገር ትምህርት ቤት በመስከረም ይከፈታል፤ ቡናው ደግሞ ከጥቅምት ጀምሮ ይቀላል። የቀላ ቡና ቀን አይሰጥም፤ በጊዜው ካልተለቀመ ይደርቃል፣ ይረግፋል። ስለዚህ ወላጆች ልጃቸውን «ዛሬን ብቻ» ብለው ያስቀሩታል፤ ዛሬም ሳምንት ይሆናል። አስተማሪው ምክንያቱን አጥቶት አይደለም፤ እርሱም የቡና አገር ሰው ነው። ቢሆንም ስም ይጠራል፤ የቀሩት ይወጣሉ፤ ይገረፋሉ። ልምጩን የምቆርጠው እኔ ነበርሁ። የክፍል አለቃ ስለሆንሁ ከአጥሩ ጥግ ካለው ቡና ቀጥ ያለውን እየመረጥሁ አመጣለሁ፤ ይህንንም እንደ ሹመት እቆጥረው ነበር።

አጠገቤ የሚቀመጥ ልጅ በሒሳብ ይበልጠኝ ነበር፤ የቤት ሥራዬን ስንት ቀን ከእርሱ ገልብጫለሁ። ስድስተኛ ክፍል ሳለን በኅዳር ሁለት ሳምንት ቀርቶ መጣና ተገረፈ። በሚቀጥለው ሳምንት ሦስት ቀን ቀረ። በአራተኛው ቀን ጧት እስከ በሩ አብረን መጣን፤ ሰልፉን አይቶ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አልመጣም። መጀመሪያ ያስቀረው ቡናው ነው፤ ጨርሶ ያስቀረው ግን ልምጩ ነው። ባለፈው ጥር አገር ቤት ስሄድ ከአንድ የጀንፈል ገዢ ሚዛን አጠገብ ቆሞ፣ የየሰዉን ኪሎና ዋጋ በቃሉ ሲያባዛ አገኘሁት። «አንተ፣ አሁንም የቤት ሥራ ትገለብጣለህ?» ብሎ ሳቀብኝ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ «ተገርፈን ደረስን» የምንለው እኛ የደረስነው ነን። ያልደረሱት በመኝታ ቤታችን አልጋ ስለሌላቸው የእነርሱን ነገር የሚያነሣው የለም። የደረስነውስ ብንሆን? አስተማሪ ጥያቄ ሲጠይቅ ሁላችን ወደ ደብተራችን የምናቀረቅረው አላዋቂ ሆነን ብቻ ይመስላችኋል? ተሳስቶ መልስ መስጠት ምን እንደሚያስከትል እጃችን ገና አልረሳውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አስተማሪ ተማሪውን በመጠኑ ቢመታ እንደ ጥፋት አይቆጠርበትም ብሎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ግን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ደነገገ። እኔ ልምጩን የቆረጥሁት ከዚህ በኋላ ነው። ደግሞ የእኛ ትምህርት ቤት ብቻ አልነበረም። ያንግ ላይቭስ የተባለው፣ በኢትዮጵያና በሌሎች ሦስት አገሮች ልጆችን ለብዙ ዓመት የተከታተለው ጥናት፣ ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቶ የስምንት ዓመት ልጆችን ቢጠይቅ፣ በአገራችን ሦስት አራተኛ ያህሉ በዚያው ሳምንት አስተማሪ ተማሪ ሲመታ ማየታቸውን ነገሩት።

በአስተማሪው ላይ ብቻ መፍረድ አልሻም። ክፍሉ ሞልቶ ይፈስሳል፤ ወላጅም ልጁን ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ ተዉልኝ» ይላል። ነገር ግን ሁለት ሳምንት የቀረ ልጅ ከተገረፈ በኋላም ክፍልፋይን አያውቀውም። የሚያስፈልገው ያመለጠውን ትምህርት የሚያሳየው ሰው ነው።

ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ነገ አስተማሪ ሆነን ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ፣ ወደ ጌራ እንሄዳለን። እስከዚያው ማኅበራችን አንድ ነገር ይሞክር፤ በዓመቱ አጋማሽ ዕረፍት ከቡና አገር የመጣን ተማሪዎች ወደየቀያችን ሄደን፣ በለቀማ ምክንያት ለቀሩ ልጆች የማካካሻ ትምህርት እንስጥ። ስም የሚመዘግብ ከተገኘ የእኔን አስቀድሞ ይጻፍ፤ ሒሳቡን ግን ሌላ ሰው ይያዝልኝ።