የዓባይን ልጅ ዘይት ጠማው!

ለመሆኑ በየጓዳችን የተቀመጠው ቢጫ ጀሪካን ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ባለሥልጣን አለ? እኔ በምኖርበት ገርጂ ወሬው ሁሉ «ዘይት ገባ? አልገባም?» ነው። የማን ደን ተመንጥሮ እንደመጣ ግን የሚነግረን የለም።

እንግዲህ እንነጋገር። ከዓለም ፓልም ዘይት ከ80 በመቶ በላይ የሚመረተው በኢንዶኔዥያና በማሌዥያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የኢንዶኔዥያ ደንና ረግረግ ነድዶ ጭሱ ጎረቤት አገሮችን ካፈነ ወዲህ የተመራማሪው ዓይን ወደ ደኑ ዞረ። በ2008 ኮህና ዊልኮቭ የተባሉ ምሁራን፣ ከ1990 እስከ 2005 በሁለቱ አገሮች ከተስፋፋው የፓልም እርሻ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በደን ኪሣራ መሆኑን አሳዩ። በ2018 ደግሞ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት፣ ፓልም 193 ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን እንደሚጎዳ አስታወቀ።

ታዲያ ፓልም ይውደም? ቀስ! ያው ሪፖርት ሌላም ጉድ ይዟል። ያንኑ ያህል ዘይት ከሌላ ሰብል እናውጣ ቢባል እስከ ዘጠኝ እጥፍ መሬት ይፈልጋል። ስለዚህ የዛሬው ጥናት ጥያቄ «ፓልም ወይስ ሌላ?» ብቻ አይደለም፤ «የት ተዘራ? ምን ተመንጥሮ? በሄክታር ስንት ተገኘ?» ነው።

የእኛ ሹማምንት ከዚህ ምን ተማሩ? ለዓመታት በብርቅ ዶላር ፓልም ሲያስገቡ ኖሩ። በጋምቤላ ለሕንዱ ካሩቱሪ 100,000 ሄክታር ሲሰጥ ፓልም ከዕቅዶቹ አንዱ ነበር፤ ውሉ በ2008 ዓ.ም. ተሰረዘ። ሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ኢንዶኔዥያ ዘይቷን ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስታግድ፣ እግዱ አንድ ወር ባይሞላም፣ የጓዳችን ቁልፍ ጃካርታ መሆኑ ታየ። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ግዙፍ የዘይት ፋብሪካ ተመርቋል፤ እሰየው! ቅባት እህል የሌለው ፋብሪካ ግን ባዶ ድስት ነው።

ኑግ እኮ የዚሁ አገር ተወላጅ ነው። ችግሩ ምርቱ ማነሱ ነው። አበባው ራሱን በራሱ በአብዛኛው ስለማያዳቅል፣ ዘሩን ማሻሻል ጊዜ፣ ገንዘብና ትዕግሥት ይጠይቃል። ሆለታ ያሉት ተመራማሪዎቻችን ይህን ያውቁታል። የኑግ ማሳ ምርቱ ሳይጨምር ቢሰፋ ደግሞ የምንመነጥረው የራሳችንን ደን ነው።

እኔ የምለው አጭር ነው። ለጀሪካን ግዢ ከሚወጣው ዶላር ጥቂቱ ለኑግ ምርምር፣ ለዘርና ለገበሬው ይዋል። በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ለፓልም ደን የሚሰጥ ውል ካለም ፓርላማ ቀርቦ ሕዝብ ይየው። ይህን መጠየቅ ጥፋት ነው እንዴ?