ቡናው ይመዘናል፣ ሰውስ መቼ ይቆጠራል?

በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ከላከችው ቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ስንት ቶን እንደወጣና ለማን እንደተሸጠ በየጊዜው ይነገራል። ቡናውን የሚለቅመው ሕዝብ ግን ለመጨረሻ ጊዜ የተቆጠረው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ለመምረጥ ደርሷል።

በዚያ ቆጠራ የጅማ ዞን ሕዝብ 2,486,155 ነበር። ለብቻዋ የተቆጠረችው ጅማ ከተማ ደግሞ 120,960 ነዋሪ ነበራት። ያኔ በዞኑ ከ100 ሰው ከተማ የሚኖረው 6 እንኳ አይሞላም ነበር። ስለዚህ ስለ ጅማ መንገድ የሚያወራ ሰው ስለ ጎማ፣ ስለ ጌራ፣ ስለ ማና፣ ስለ ሊሙ ኮሳ የገጠር ቀበሌዎች ማውራት ነበረበት። የሚወራው ግን ስለ ዋናው መስመር ነው፦ ከአዲስ አበባ በወልቂጤ ጅማ፣ ከዚያ አጋሮ፣ በደሌ፣ መቱ። መስመሩ ይጠቅማል፣ ማንም አይክድም። ቡና ግን አስፋልት ዳር ብቻ አይበቅልም።

ቀይ እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ መብላላት ይጀምራል፤ ጣዕሙም ይበላሻል። ለቀማው ሲጀመር ደግሞ የጅማ ዝናብ ገና አልወጣም፤ አባዱላውም አይሱዙውም ጭቃውን ፈርቶ አስፋልቱ ላይ ይቀራል። ቡናውን በበቅሎ ወይም በጀርባ የሚያወርድ ገበሬ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ሰብሳቢው በጠራለት ዋጋ እዚያው መሸጥ፣ አለዚያም ቤቱ አድርቆ ጀንፈል ማድረግ። ሰብሳቢውን ሌባ ማለት ይቀላል፤ እሱም ግን የተሰበረ ባሌስትራውን ዋጋ ከገበሬው ኪሎ ላይ ነው የሚቀንሰው። ምጥ የያዛት እናትም በቃሬዛ የምትወርደው በዚያው ጭቃ ነው። አምቡላንሱ የሚጠብቃት አስፋልቱ ዳር ነው።

ምንም አልተሠራም ማለት ውሸት ይሆናል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ዩራፕ የሚባለው የገጠር መንገድ ፕሮግራም እያንዳንዱን ቀበሌ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ለማገናኘት የታሰበ ነበር። ችግሩ መለኪያው ላይ ነው። መንገዱ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከደረሰ ቀበሌው «ተገናኝቷል» ይባላል፤ ከጋራው ማዶ ያለው መንደር አይታይም። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ጥናት፣ ክረምት ከበጋ ከሚያስኬድ መንገድ በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ የሚኖረው የኢትዮጵያ ገጠር ሕዝብ 22 በመቶ ገደማ ብቻ ነበር። ቀበሌ ሲቆጠርና ሰው ሲቆጠር ውጤቱ እንዲህ ይለያያል።

ቁጥር ለመንገድ ምን ይፈይዳል የሚል ካለ ህንድን ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2000 የገጠር መንገድ ፕሮግራሟን ስትጀምር ደንቡ ቀላል ነበር፦ በሜዳማ አካባቢ 500፣ በተራራማ አካባቢ 250 ነዋሪ ያለው መንደር መንገድ ይገባዋል። መለኪያው የ2001 ቆጠራዋ ነበር። የመንደሩ ሰው ቁጥሩን ይዞ «የኛ የት አለ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። (ህንድም የ2021ዱን ቆጠራ አዘግይታለች፤ ግን ቢያንስ የመንደር መዝገብ አላት።)

የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየ10 ዓመቱ ይካሄድ ይላል። በ2010 ሊካሄድ ታስቦ ተላለፈ፣ በ2011 እንደገና ተላለፈ። የጸጥታው ምክንያት ሐሰት አልነበረም። ነገር ግን ቁጥር በጀትም፣ የምክር ቤት ወንበርም ስለሆነ መዘግየቱ የተመቻቸው አይጠፉም።

ጎማና ጌራ ግን አገር አቀፍ ቆጠራን መጠበቅ የለባቸውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዘንድ የየቤቱ የቤተሰብ ማህደር አለ፤ ማኅበራቱ ዘንድ የአባላት ዝርዝር አለ። ሁለቱን አስተያይቶ የትኛው መንደር ስንት አባወራ እንዳለውና ከመፈልፈያው ስንት ሰዓት እንደሚርቅ ጽፎ ወረዳው ደጃፍ ላይ መለጠፍ የአንድ ወር ሥራ ነው። ለለቀማ ብቻ የሚመጣውን የቀን ሠራተኛ አይዝም፣ ስህተትም አይጠፋውም። የትኛው ድልድይ ይቅደም ለሚለው ጥያቄ ግን ይበቃል።