ለተጎዳ ወገን የምትደርስ እንቁጣጣሽ



ክረምቱ አልፎ፣ ርብና ጉማራ ጋብ ብለው፣ ከወረታ እስከ ይፋግ የተዘረጋው ሜዳ በሩዝ ሰብል ሲለመልምና ዳር ዳሩን አደይ አበባ ሲያስጌጠው ማየት ታላቅ ደስታ ነው። ይሁንና ይህ ሜዳ ሐዘንንም ያውቃል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ወንዞቹ አፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተው በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቤቱ አፈናቅለዋል። በዚያው ክረምት በድሬዳዋና በደቡብ ኦሞ የደረሰው ጎርፍ በመቶ የሚቆጠሩ ወገኖቻችንን ሕይወት በመቅጠፉ የ1999 ዘመን መለወጫ ከሐዘን ጋር ነበር የገባው።

እንዲህ ያለ መከራ በአገር ላይ ሲወርድ አዋቂው የሚያደርገውን ያውቃል፤ ለቅሶ ይደርሳል፣ ያለውን ያዋጣል፣ ይጸልያል። ሕፃኑ ግን «ልጅ ነው፣ አይገባውም» ተብሎ ወደ ጎን ይገፋል። እርሱም ሬዲዮኑን ይሰማል፣ የእናቱን ፊት ያያል፤ ያየውንና የሰማውን ለብቻው ይዞ ያድራል። እኛ እንደምናምነው ሕፃንን ለማጽናናት የሚቀድመው እውነቱን በዕድሜው ልክ መንገር ሲሆን፣ ቀጥሎ ደግሞ ለእጁ ሥራ መስጠት ነው።

ለዚህም አዲስ ነገር መፈለግ አያሻም። ወንዶች ልጆች ፀሐይ፣ አበባና መላእክት ሥለው ለጎረቤት ማበርከታቸው፣ ሴቶች ልጆችም አደይ አበባ ይዘው «አበባየሆሽ» ማለታቸው የቆየ ባህላችን ነው። በሰንደቅ ዓላማችን ቀለማት ያጌጠች አንዲት ተጨማሪ እንቁጣጣሽ ለማያውቁት፣ ግን ለተጎዳ ወገናቸው እንዲያዘጋጁ መርዳት ለወላጅም ሆነ ለመምህር የሚከብድ አይደለም። ከለር ያላገኘ ልጅ በከሰልና በቅጠል ጭማቂ ቢሥላትም ያው እንቁጣጣሽ ናት።

በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ ኒውዮርክና ዋሽንግተን በሽብር ጥቃት ሲመቱ የአሜሪካ ሕፃናት ሰንደቅ ዓላማቸውን እየሣሉ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች የምስጋና ደብዳቤ ልከዋል። በዚያው ሰሞን ግን በመልካቸውና በሃይማኖታቸው ብቻ የተጠቁ ንጹሐን ነበሩ። እንግዲህ አንዱ ሰንደቅ ለመጽናኛም ለቁጣም ሊያዝ ይችላል ማለት ነው፤ የትኛውን እንደሚይዝ ልጁ የሚማረው ከእኛ ነው።

በእኛ ዘንድ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ከማየ አይኅ በኋላ ለኖኅ የተሰጠውን የቀስተ ደመና ቃል ኪዳን እንደሚያስታውሱ አበው ያስተምራሉ። ቃል ኪዳኑ የምሕረት ነው። ልጁ ቀለሙን ሲቀባ ይህንኑ እንንገረው። የአገር ፍቅር ምን እንደሆነ ቢጠይቀንም ጎፋን እንጥቀስለት። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ተራራው ተንዶ ሰዎች ሲቀበሩ ጎረቤቶቻቸው ሊያወጧቸው ሮጡ፤ ዳግመኛ የተናደው አፈርም እነርሱን ዋጠ። የሞቱት ከሁለት መቶ በላይ ነበሩ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። አካፋ ይዞ ወደ ወገኑ የሮጠ ሰው አርበኛ ነው።

ይህ ሲባል ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሕፃኑን ሬሳና ደም እንዲሥል አንጠይቀው፤ የአዋቂን ጠብም በአፉ አናስገባበት። በጦርነት ካለፉት ልጆቻችን መካከል ጠመንጃ የሚሥል ቢያጋጥመን ወረቀቱን ቀምተን አንቅደድበት፤ ምን እንዳየ እንጠይቀው፣ እስኪጨርስም እንስማው። ሐዘኑ በራሱ ቤት የገባበትን ልጅ ሥራ ብለን አናስገድደው፤ አጠገቡ መቀመጥ ይበቃዋል።

የተሣለችው እንቁጣጣሽ በቤት እንዳትቀር። በትምህርት ቤት፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ወይም በቀበሌ በኩል ለተፈናቀሉና ወላጅ ላጡ ሕፃናት ትድረስ። ልጆች በበዓሉ ከሚያገኙት ሳንቲምም ጥቂቱን አብረው ቢልኩ፣ ማዘን ብቻ ሳይሆን ማካፈልንም ይማራሉ። የፎገራ ልጅ ለጎፋ ልጅ አበባ ሥሎ ከላከ፣ ነገ ርብ ሲሞላ የሚደርስለት ወንድም እንዳለው ያውቃል፤ አገርም ማለት ይኸው ነው።

መጪው ዘመን የሰላም፣ የጤናና የፍቅር ይሁንልን!