ማየትም መስማትም የተሳነው ጎረቤታችን

የጎጃምን የጉባኤ ቤቶች ወግ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ ዐይነ ሥውር መምህር ለምድራችን እንግዳ አይደለም። ትምህርቱ በቃል የሚሰጥ በመሆኑ፣ የዐይን ብርሃኑን ያጣ ተማሪ በጆሮው ሰምቶ በልቡ ይይዛል፤ ቅኔ ይቀኛል፤ ኋላም ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። መስማት የተሳነውም የሰውን እጅና ፊት እያየ በምልክት ይግባባል። ዐይኑም ጆሮውም የተዘጋበት ሰው ግን ከእኛ ጋር በምን ይገናኛል? በዚህ ወር ልንነጋገርበት የወደድነው ጉዳይ ይህ ነው።

በደብረ ማርቆስ አካባቢ በሚገኝ አንድ ደብር ብዙ ዘመን ያገለገሉ አንድ አረጋዊ መሪጌታ እናውቃለን። አስቀድሞ ጆሮአቸው ደከመ፤ ቀጥሎም የዐይናቸው ብርሃን ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ለተጠየቁት የማይገናኝ መልስ ስለሚሰጡ፣ ቤተ ሰቡ «ጃጅተዋል» ብሎ ከምድጃው አጠገብ ባለው መደብ ላይ አስቀመጣቸው። እህል ውኃው በጊዜው ይቀርብላቸዋል፤ የሚያነጋግራቸው ግን የለም። እኛም ወደዚያ ቤት በገባን ቁጥር ለባለቤቶቹ እጅ እየነሣን እርሳቸውን እናልፍ እንደ ነበር ስንጽፍ እናፍራለን። አንድ ቀን ከሰንበት ትምህርት ቤት የመጣ ወጣት አጠገባቸው ተቀምጦ ትከሻቸውን ቀስ ብሎ ነካ፤ እጃቸውንም ይዞ በመዳፋቸው ላይ የስሙን ፊደላት አንድ ባንድ በጣቱ ጻፈ። አረጋዊው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ ተማሪ በሚጠይቁበት በቀድሞው ድምፃቸው፣ «የማን ልጅ ነህ?» አሉት። አእምሮአቸው አልጎደለም ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የሚያነጋግራቸው ሰው አጥተው ኖረዋል።

በባሕር ማዶም የሆነው ይህንኑ ያስረዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. በአሜሪካ የተወለደችው ሔለን ኬለር፣ በ19 ወሯ በታመመችው ሕመም ማየትም መስማትም ተሳናት። በ1887 ዓ.ም. አን ሱሊቫን የተባለች መምህርት መጥታ የነገሩን ሁሉ ስም በመዳፏ ላይ በጣት ምልክት ታስተምራት ጀመር፤ ልጅቱም ውኃ በእጇ ላይ ሲፈስ የቃሉን ትርጉም አገኘች። በ1904 ዓ.ም. ከራድክሊፍ ኮሌጅ ተመረቀች። የልደቷ ቀን ጁን 27 በብዙ አገሮች ለእነዚህ ወገኖች መታሰቢያ ሆኗል። ዕለቱም ዛሬ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 20፣ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን የሕንጸቷ በዓል የሚውልበት ቀን ነው። ሕዝቡ በዐውደ ምሕረት ሲሰበሰብ ስለ እነርሱ ጥቂት ቃል ለመናገር ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም። በአገራችንም ማየትና መስማት የተሳናቸው ሰዎች ብሔራዊ ማኅበር እንዳለ ማወቅ ይገባል።

እንግዲህ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና የእድር አባላት ያለ ደመወዝ፣ በበጎ ፈቃድ ሊሠሩት የሚችሉት ብዙ ነው። አንደኛ፣ በየቤቱ እየዞሩ እንዲህ ያለ ሰው እንዳለ በትሕትና መጠየቅ። ሁለተኛ፣ ቤተ ሰቡን ማስተማር፤ ይኸውም ሲቀርቡ ትከሻን መንካት፣ ማንነትን ሁልጊዜ በአንድ ምልክት ማሳወቅ፣ ሲመሩ ክንድን ማስያዝ እንጂ አለመጎተት፣ ሳይናገሩም ትቶ አለመሄድ ነው። ፊደል ለቆጠረ በመዳፉ ላይ ይጻፍለታል፤ ላልቆጠረ ደግሞ ለውኃ፣ ለምግብ፣ ለቤተ ክርስቲያን የተለየ ምልክት ይበጅለታል። ሦስተኛ፣ ሊድን የሚችለውን ወደ ሐኪም ማድረስ። የዐይን ሞራ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ በኩክ የተደፈነ ጆሮ ይጸዳል፤ በአማራ ክልል እጅግ የበዛው ትራኮማም በጊዜ ከታከመ ዐይንን አያጠፋም። ስለዚህ «እርጅና ነው» ብሎ መተው፣ ወይም በጆሮ ውስጥ ዘይትና የቅጠል ጭማቂ መጨመር አይገባም። ጠበል የሚጠመቅም ሐኪም ዘንድ ቢሄድ ከእምነቱ የሚጎድልበት የለም።

የቀድሞዋ መንቆረር ደብረ ማርቆስ የተባለችው በወንጌላዊው ስም በታነጸው ቤተ ክርስቲያን ነው። ይህ ወንጌላዊ በምዕራፍ 7 ጌታችን ደንቆሮውን ከሕዝቡ ለይቶ ጣቶቹን በጆሮዎቹ እንዳገባ፣ በምዕራፍ 8 ደግሞ ዕውሩን እጁን ይዞ ከመንደር እንዳወጣው ይነግረናል። ሁለቱንም በእጁ ዳስሶ ነው የፈወሳቸው። እኛ መፈወስ ባይቻለን እጅ መያዝ አያቅተንም። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ በመንደራችን በመደብ ላይ ተረስቶ የተቀመጠውን ሰው ጎብኝተን እጁን እንያዝ። ለዚህም እግዚአብሔር ይርዳን።