ከፍትፍቱ ፊቱ

ዕውቀት መልካም ነገር መሆኑን ለተማሪዎቼ ዘወትር እናገራለሁ። ነገር ግን ዕውቀት ያለ ርኅራኄ ሲነገር ሰውን እንደሚያሳፍር፥ መምህር ነኝ ባዩ እኔ ራሴ በአንዲት አይስክሬም ቤት ተምሬ ተመለስሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከትንሣኤ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፥ በዕለተ ረቡዕ፥ ሁለቱ ልጆቼ ፈተናቸውን በመልካም ውጤት ስለ ፈጸሙ፥ ከባለቤቴ ጋር ሆነን በሰፈራችን ወዳለችው አይስክሬም ቤት ልንወስዳቸው ተነሣን። ጎረቤታችን የሆነውንም አናጢ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ጠራነው። ይህ ሰው ሥራ ካጣ ሦስት ወር አልፎታል፤ እኛም ይህን እያወቅን በጊዜው ልብ አላልነውም።

እንደ ተቀመጥን፥ ልጆቼ የቫኒላውን፥ የቸኮላታውንና የእንጆሪውን እያማረጡ ሲከራከሩ፥ እኔ እንደ ልማዴ ማስተማር ጀመርሁ። አይስክሬም ወተት፥ ስልባቦትና ስኳር ተቀላቅሎ እየተመታ የሚረጋ መሆኑን፤ ሳይመታ ቢረጋ እንደ ድንጋይ እንደሚጠነክር፥ ሲመታ ግን የበረዶው ቅንጣት ሳይተልቅ አየር እየገባበት እንደሚለሰልስ ነገርኋቸው። የኤሌክትሪክ ማቀዝቀዣ ሳይገኝ በፊትም በዕቃው ዙሪያ በረዶና ጨው ይደረግ እንደ ነበር፥ ሁለቱ ሲገናኙም ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 21 ዲግሪ ሊወርድ እንደሚችል አስረዳሁ። ልጆቹ ግን ከትምህርቴ ይልቅ ሳሕኑን ይጠባበቁ ነበር።

አሳላፊዋ በመጣች ጊዜ የዋጋውን ዝርዝር ከፍ ባለ ድምፅ አነበብሁና፥ «ሁላችሁም የወደዳችሁትን ምረጡ» አልሁ። ልጆቼ መረጡ። የጎረቤቴ የበኵር ልጅ ግን አባቱን ቀና ብሎ አየና፥ «ጋሼ፥ ዛሬ ረቡዕ ስለ ሆነ እኔ እጾማለሁ» አለኝ። ታናሽ እኅቱም «እኔም» አለች።

እኔም ወዲያው፥ «ልጄ፥ ተሳስተሃል፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀኖች ረቡዕና ዓርብ አይጾምም» ብዬ ሥርዓቱን ዘረዘርሁለት። የተናገርሁት እውነት ነበር። ልጁ ግን አንገቱን ደፋ፤ አባቱም ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። አባቱ ብድሩን ለመመለስ የማይችለው ግብዣ እንዳይበዛበት አስቦ፥ ልጁ ጾሙን መሸፈኛ አድርጎት ኖሯል፤ እኔም ያን መሸፈኛ በሰው ፊት ገፈፍሁት።

ባለቤቴ ግን ከእኔ ይልቅ ብልኅ ናትና፥ ወደ አሳላፊዋ ዞራ፥ «እኛ ማዕድ ለየብቻ መቍረስ አልለመድንም፤ ከየዓይነቱ በአንድ ትልቅ ሳሕን አድርጊና ስምንት ማንኪያ አምጪልን» አለች። ሳሕኑ በመጣ ጊዜም የመጀመሪያውን ማንኪያ ለልጁ አጎረሰችው። ከዚያ በኋላ የማን ድርሻ ምን ያህል እንደ ሆነ የሚቈጥር አልነበረም። ጎረቤቴም ማንኪያውን አነሣ፤ ጥርሱን ቢቀዘቅዘው እየቀለደ ሁላችንን አሳቀን።

እንግዲህ የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች፥ ወዳጅ ስንጋብዝ ከፋዩ ማን እንደ ሆነ ከቤት ሳንወጣ እንናገር፤ ዋጋ በእንግዳ ፊት አናንብብ፤ የሰው ልጅ «አልፈልግም» ሲል፥ አለመፈለጉ ነው ወይስ መጨነቁ ብለን አስቀድመን እንመርምር። «ከፍትፍቱ ፊቱ» ያሉት አባቶቻችን ይህን ሲሉ ነው።

በማግሥቱ ልጁን በበራችን አግኝቼ ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር፥ «ጋሼ፥ ጨው በረዶውን እንዴት አድርጎ ነው የሚያቀዘቅዘው?» አለኝ። ለካስ ከሁሉ ይልቅ ሲያዳምጠኝ የነበረው እርሱ ኖሯል። ጨው በረዶውን ሲያቀልጠው፥ የሚቀልጠው በረዶ ሙቀትን ከአካባቢው እንደሚወስድ አስረዳሁት፤ ይቅርታዬንም ከዚያ በኋላ ነገርሁት።